የጋፋር ጭስ ሲተኛ

በተራራዋ መንደር በቡዱልፖራ ትልቁ አርባ፣ ያ አርባ ቀን የሚከርረው ብርድ፣ ከገባ ወዲህ ሰው ከሰው እጅ የተጠቀለለ ነገር አይቀበልም። ፖስተኛው ደብዳቤውን ደፍ ላይ ጥሎ ወደ ኋላ ያፈገፍጋል፤ ባለቤቱ በእግሩ ጣት ገልበጥ አድርጎ ካየው በኋላ ነው የሚያነሳው። ሙሽራ ለአማቷ ሻሽ ብታመጣ እንኳ ራሷ ፈትታ፣ ራሷ አራግፋ ነው የምትሰጠው። ነገሩ ወዲህ ነው፤ የዓመቱ የመጀመሪያ አመዳይ በወረደ ዕለት፣ ከዚያችው ቆንጠር አድርጎ፣ በአንድ ነገር ሸፍኖ ለወዳጁ ያስጨበጠ ሰው ግብዣ ይበላል። ሳያውቅ የተቀበለው ያበላል። ይህ ሕግ ነው፤ ከመንግሥት ሕግ ይጠብቃል። በላይኛው ሰፈር አንድ ሰው ያለበትን ግብዣ ሳያበላ ሞቶ፣ ቃሬዛው ከመሬት አልነሳ ብሎ፣ ልጆቹ በግ አርደው ባለመብቱን ካበሉ በኋላ ነው እንደ ላባ የቀለለው። ይህን ያየው ሱብሃን ብቻ ነው። ሌላው ቀባሪ ሁሉ ያን ጊዜ ፊቱን አዙሮ ነበር አሉ።

ሱብሃን ራተርን አገሩ የሚያውቀው ሱብሃን ሺን ብሎ ነው። ሺን ማለት አመዳይ ነው፤ ያ ቆርቆሮ የሚደበድበው ጠጠር በረዶ ሳይሆን፣ ኮቴውን ሳያሰማ ገብቶ፣ ሰው ሲነቃ አገሩን አልብሶት የሚገኘው። ትምህርቱን ከአራተኛ ክፍል ጥሎ የወጣው በመስኮት በኩል ነው። በሩ በአመዳይ ተደፍኖ ስለነበር በመስኮት ወጣሁ፤ ተመልሼ ልገባ ስል መስኮቱም ተደፈነ ይላል።

ግቢው መሀል ከገውዝ እንጨት የጠረበው ዘንግ ተተክሏል። አመዳይ በወረደ ቁጥር እየወጣ ይለካል፤ የየዓመቱን ትልቁን ከፍታ በቢላ ይወጋበታል። የልጅነቱ ዘመን ምልክቶች ከትከሻው በላይ ናቸው። ወዲህ ሲመጡ ወደ ወገብ፣ ከወገብ ወደ ጉልበት፣ ከጉልበት ወደ ቁርጭምጭሚት ይወርዳሉ።

«አመዳዩ አልቀነሰም» ይላል ለጠየቀው። «እኔ ነኝ የረዘምኩት።»

ከትከሻ በላይ ካሉት ምልክቶች አንዱ የላሞቹ ዓመት ነው። በዚያ ዓመት አመዳዩ ከመስጊዱ ጣሪያ ጋር ተስተካክሎ፣ የመንደሩ ላሞች መስክ መስሏቸው ጣሪያው ላይ ሲወጡ፣ ሙአዚኑ አዛን ሊያደርግ መስኮቱን ቢከፍት ጭራ ፊቱን ጠረገው። ሌላኛው የድመቷ ዓመት ነው፤ እሱን ሴቶች ባሉበት አያወራውም።

ውሸቱ እንዳለ ሆኖ፣ ሱብሃን ሰማዩን የእውነት ይጠብቀዋል። የዱር ዝይዎች ወደ ሐይቁ ሲያልፉ ዝቅ ብለው እንደሆነ፣ ከፍ ብለው እንደሆነ ያያል። የመስጊዱ ቺናር ዛፍ ቅጠሉን ከላይ ነው ከታች መጣል የጀመረው፣ ድብ ከጥዱ ጫካ ወርዶ የማንን ገውዝ ሰረቀ፣ ምንጩ በየጠዋቱ ይተናል ወይስ አይተንም፤ ይሄን ሁሉ አንድ በአንድ ይይዛል። ከሁሉ አብልጦ የሚያምነው ግን የጋፋርን ጭስ ነው።

ጋፋር ሶፊ የመንደሩ ዳቦ ጋጋሪ ነው። የእሱንና የሱብሃንን ግቢ አንድ የጭራሮ አጥር ይለየዋል። ጋፋር ማለዳ ምድጃውን ሲያቀጣጥል ከጭስ ማውጫው የሚወጣው ጭስ ቀጥ ብሎ ከቆመ ቀኑ ብራ ነው። ካዘመመ ንፋስ ነው። ወጥቶ፣ ወጥቶ፣ ደክሞት ተመልሶ በጣሪያዎቹ ላይ እንደ ድመት ከተኛ ግን፣ አመዳይ ከተራራው ተነስቷል ማለት ነው። ሱብሃን በየማለዳው መስኮቱ ሥር ተቀምጦ ይሄን ጭስ ያነባል። ከጭሱ ባለቤት ጋር ግን ከተነጋገሩ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል።

ዘንድሮ ጭሱ ቆሞ ቀረ። ትልቁ አርባ ባዶ እጁን መጥቶ ባዶ እጁን ሊሄድ ነው። ተራራው ካባውን እንደተቀማ ሽማግሌ ራቁቱን ቆሟል። የፖም ዛፎቹ እንቅልፍ እንዳጣ ሰው ቆመው ያድራሉ። ዘንጉ ሥር ያለው መሬት አቧራ ሆኖ፣ ዶሮዎች ይታጠቡበታል።

«የሐጃራ አባት፣ ሰማህ?» አለችው ሚስቱ ታጃ አንድ ጠዋት፣ ከጋፋር ቤት ያመጣችውን ዳቦ እያስቀመጠች። «ጋፋር ሊሄድ ነው።»

«የት? መስጊድ?»

«ጃሙ ከተማ፣ ልጁ ጋ። ቤት ሠርቶላቸዋል። ምድጃውን ዓርብ ያጠፋዋል፣ ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ መኪናው ይመጣል።»

ሱብሃን ቆርሶ አፉ የከተተውን ማኘክ ረሳ።

«መንገዱ ክፍት ነው፣ ምን ይይዘዋል» አለች ታጃ፣ የጨው ሻዩን እየቀዳች። «አመዳይ ቢኖር መንገዱ ተዘግቶ እስከ በልግ እዚሁ ይቆዩ ነበር። ምነው፣ አመዳይህ የት ገባ?»

«እየመጣ ነው። ተራራው ጀርባ ሲሰለፍ አይቼዋለሁ።»

«ለኔም ትዋሻለህ?»

«ላንቺ ካልዋሸሁ ለማን ልዋሽ።»

ታጃ አልሳቀችም። ቀና ብላ አየችውና ሻዩን ገፋ አደረገችለት። ምን እንደያዘው ታውቃለች። ጋፋር መሄዱ ብቻ አይደለም፤ ምድጃው መጥፋቱ ነው። የሚጠፋውም በሱብሃን አፍ ነው።

ከሦስት ዓመት በፊት ሱብሃን ጎህ ሲቀድ ለውዱእ ውሃ ሊቀዳ ወጣ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር፣ ኮከቦቹም ገና አልተሰበሰቡም። ከዚያ ከጠራ ሰማይ፣ ከየትኛው ኪስ እንደወጣ ሳይታወቅ፣ የዓመቱ የመጀመሪያ አመዳይ መውረድ ጀመረ። የሚወርደው ግን በዘንጉ ዙሪያ ብቻ፣ ከአንድ መስገጃ ምንጣፍ በማይሰፋ ቦታ ላይ ነበር። ከአጥሩ ወዲያ የለም። ከጣሪያው ላይ የለም። ቅንጣቶቹ አይቸኩሉም፤ አንዳንዶቹ እንዲያውም ቤቱ እንደጠፋው እንግዳ አየር ላይ ቆም ይሉና፣ ዘንጉን አየት አድርገው ይወርዳሉ። ሱብሃን ማሰሮውን እንደያዘ ፈዞ ቀረ። ዕድሜውን ሙሉ ስለ አመዳይ ሲዋሽ የኖረ ሰው፣ አመዳዩ ራሱ መጥቶ ፊት ለፊቱ ሲዋሽ ምን ይላል። ከወረደው ቆንጥሮ ባዶ የገውዝ ቅርፊት ውስጥ ከተተ፣ ሁለቱን ግማሾች ገጥሞ ወደ ጋፋር ሮጠ።

«ጥርሴ አልቋል፤ እስቲ ይቺን ስበርልኝ» አለው።

ጋፋር እጁ ሊጥ እንደሆነ ተቀበለ። ሲከፍተው ቀዘቀዘው። የዳቦው ሰልፍ ሁሉ አንገቱን ወደ ሰማይ አቀና፤ ሰማዩ እንደ ተወለወለ ሳህን ነው።

«ከየት አመጣኸው?» አለ ጋፋር።

«ከግቢዬ። አሁን ወረደ።»

«ግቢህ ላይ ብቻ?»

«ዘንጉ ዙሪያ ብቻ።»

«ምነው፣ በልክህ አሰፋኸው?»

ሰልፉ በሳቅ አለቀ። «ከተራራ ነው ያመጣኸው» አለ ጋፋርም አብሮ እየሳቀ። «የተራራ አመዳይ አይቆጠርም፤ መንደሩ ላይ የወረደ ነው እንጂ።» ሄደው ሊያዩ ሲደርሱ ፀሐይ ልሳ ጨርሳዋለች።

ሱብሃን ሲሳቅበት ደስ የሚለው ሰው ነው። ያን ቀን ግን ሳቁ ሌላ ቦታ ገባበት። በዕድሜው አንዴ እውነት ተናግሮ አንድ ሰው እንኳ፣ ከሰው ሁሉ ጋፋር እንኳ፣ አላመነውም። «ምድጃህ ይቀዝቅዝ» አለው። ለጋጋሪ እንዲህ አይባልም። ጋፋርም ጸጥ አለ፣ ለሱብሃን ጸጥ እንዳለ ቀረ።

አሁን ምድጃው ሊቀዘቅዝ ነው። ሱብሃን መስኮቱ ሥር ተቀምጦ ቀጥ ብሎ የቆመውን ጭስ ሲያይ፣ ከጭሱ ጋር የገዛ ቃሉ ሲወጣ የሚያይ ይመስለዋል። ጋፋር ጃሙ ከወረደ፣ ያችን ቃል ይዟት ይወርዳል። ሄዶ «ይቅር በለኝ» እንዳይል፣ ሦስት ዓመት የተዘጋ በር በባዶ እጅ አይንኳኳም። አንድ መንገድ ብቻ አለ፤ ግብዣ ያለበት ሰው ሳያበላ መንደር ለቆ አይሄድም። ጋፋር አንዲት ቁንጣሪ አመዳይ ከሱብሃን እጅ ቢቀበል፣ ወዶም ይሁን ተገዶ ማዕድ ይዘረጋል። ማዕድ ላይ ደግሞ ሰው ሳይነጋገር አይበላም።

ለዚህ ግን አመዳይ ያስፈልጋል።

ሐሙስ ረፋድ ላይ ሱብሃን ካባውን ደርቦ፣ ካንግሪውን፣ ያንን በጭራሮ የተጠለፈ የፍም ገንቦ፣ ከካባው ሥር ሆዱ ላይ አስጠግቶ ወደ ጥዱ ጫካ ወጣ። የተራራ አመዳይ እንደማይቆጠር ያውቃል። ይሄን ካደረገ ጋፋር ያኔ ያለው ሁሉ እውነት እንደሚሆንም ያውቃል። እግሩ ግን ዳገቱን ያዘ። ጫካው ውስጥ ድምፅ አልነበረም። ጥዶቹ መስጊድ ውስጥ እንደተሰለፉ ሽማግሌዎች ዝም ብለዋል፤ ከቅርንጫፎቻቸው መሀል የሚወርደው ብርሃን ሰማያዊ ነው፣ ሱብሃን የሐይቅ ወለል ላይ የሚራመድ እስኪመስለው ድረስ። ምን ያህል እንደሄደ አላወቀም። አንድ ትልቅ ድንጋይ ጀርባ፣ ፀሐይ አግኝታው በማታውቅ ጉድጓድ ውስጥ፣ ያለፈው ዓመት ይሁን የዘንድሮ የማይታወቅ አመዳይ እንደ ተኛ በግ ተጠቅልሎ አገኘው።

«አትቀየሚኝ» አላት አመዳይዋን፣ ተንበርክኮ። «ለኛ መንደር እንዳልተጻፍሽ አውቃለሁ።»

ከላይዋ ነጩን ብቻ አንስቶ፣ በጥድ ቅጠል ለብጦ፣ ታጃ ለጋፋር የልጅ ልጅ በሠራቻት የሱፍ ቆብ ውስጥ፣ የስንብት ስጦታ አስመስሎ ሊያስጨብጠው፣ ከተታት። ቆቧን ካባው ሥር አስገባ። በዚህ አገር በብርድ ወራት አንድን ሰው ካንግሪህን ከካባህ አውጣ ማለት አንጀትህን አውጣ እንደ ማለት ነው፤ በሱብሃንም ሐሳብ እንዲህ ያለ ነገር አላለፈም። ቆቧ በአንድ ጎን፣ ፍሙ በአንድ ጎን፣ እየሞቀው እየተደሰተ ወረደ።

የከሰዓቱ ዳቦ ሰልፍ ረጅም ነበር፤ ከመጨረሻዎቹ ዳቦዎች ናቸውና ሁሉም መጥቷል። ሱብሃን ሲሰለፍ ሰው ሁሉ እርስ በርሱ ተያየ። ተራው ሊደርስ ሁለት ሰው ሲቀረው፣ ጉልበቱ ላይ የሆነ ነገር ሄደበት። ቀጥሎ ጫማው ውስጥ ገባ።

ከኋላው ያለው ባለሱቁ ናዚር ነው። «ሱብሃን ካክ» አለ፣ እንደ ታላቅ አክብሮ፣ ቀስ ብሎ፣ ሁሉም በሚሰማው ድምፅ። «ስልኬ ዛሬ ዝናብ የለም ብሎኝ ነበር።»

«ስልክህ ያውቃል» አለች አንዲት ሴት፣ ወደ መሬቱ እያየች። «የሰማዩን ነው እንጂ የሽማግሌዎችን አያውቅም።»

«ካክዬ፣ አይዞህ» አለ ናዚር ደግሞ፣ «ብርድ ሲሆን እንዲህ ነው። አባቴም በመጨረሻው ላይ…»

ሰልፉ ግድግዳ ይዞ ሳቀ። ሱብሃን እጁን ካባው ውስጥ ቢሰድ፣ ቆቧ ሾርባ ውስጥ እንደ ወደቀ ዳቦ ሆናለች። ከምድጃው ጀርባ ጋፋር አልሳቀም። ራሱን ሳያነሳ ለሚስቱ ተናገረ።

«ዙኒ፣ ለዚያ ሰውዬ ጨርቅ ስጪው። እሳትና አመዳይ አንድ ካባ ውስጥ ያሳደረ ሰው ነው።»

ሦስት ዓመት ሙሉ ስለ ሱብሃን የተናገረው የመጀመሪያው ነገር ይሄ ነው። ሱብሃን ጨርቁን አልጠበቀም። ወደ ቤቱ ሲሄድ እርጥቡ እግሩ አልነበረም የቀዘቀዘው። አሁን ጋፋር ያችንም የገውዝ ቅርፊት አመዳይ ከተራራ እንዳመጣት እርግጠኛ ሆኗል። አንዲቷ እውነቱ፣ በገዛ እጁ፣ ከውሸቶቹ ጋር ተቀላቀለች።

ዓርብ ከሶላት በኋላ ጭሱ ቀጠነ። ሱብሃን ከመስኮቱ ሥር አልተነሳም። ጭሱ ክር ሆነ፣ ክሩ ተበጠሰ፣ ከዚያ ጭስ ማውጫው ብቻውን ቀረ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እንደተቀመጠ ሸለብ አደረገው። በእንቅልፉ አመዳይ ነጭ ካባ ለብሶ በተራራው መንገድ ሲወርድ አየ። ከመንደሩ አፋፍ ቆሞ ጣሪያ ጣሪያውን አየና፣ «እዚህ አንድ ጭስ ነበር፣ የምተኛበት» አለ። መልስ የሰጠው የለም። ዘወር ብሎ ወደ ሌላ ሸለቆ ሄደ።

ቅዳሜ ማለዳ መጀመሪያ ያየው ዘንጉን ነው። ደረቅ። ቀጥሎ ሰማዩን። ሰማዩ ግራጫ ነው፣ ግን ግራጫ ብቻውን ምን ይላል፤ የሚያነብበት ፊደል ተወስዶበታል። ወጥቶ ግቢው መሀል እጁን ካባው እጅጌ ውስጥ ቀብሮ ቆመ።

የአጥሩ በር ሲጥ ሲል ዞረ። ጋፋር ነው። የመንገድ ልብሱን ለብሷል፣ ክንዱ ላይ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዟል።

«አሰላሙ አለይኩም» አለ ጋፋር።

«ወአለይኩም ሰላም» አለ ሱብሃን፤ ድምፁ ከሩቅ የመጣ መሰለው።

«የመጨረሻው ዳቦ ነው። ለጎረቤት ሁሉ እያዞርኩ ነው። ያንተን ለመጨረሻ አቆየሁት።»

ሱብሃን ዳቦውን አላየም። የጋፋርን ፊት ነው ያየው፤ ቅንድቡ ላይ የኖረው ዱቄት የለም፣ ያለ ዱቄቱ ያረጀ ነው። ሁለት እጁን ከእጅጌው አውጥቶ፣ ከሰው የሚቀበሉትን ነገር በሁለት እጅ እንደሚቀበሉ፣ ተቀበለ።

«የሐጃራ አባት፣ እጅህን…» አለች ታጃ ከደጃፉ።

ዘግይታለች። ዳቦው ቀዝቃዛ ነው፣ ከቀዝቃዛ ዳቦም ይበልጥ ቀዝቃዛ። ጨርቁን ገለጠ። ክቡ ዳቦ በወገቡ ተሰንጥቋል፤ ስንጥቁ ውስጥ አንዲት እፍኝ አመዳይ፣ ገና ያልቀለጠች፣ ተቀምጣለች።

ሱብሃን ዘንጉን ዞሮ አየ። ጣሪያውን አየ። አጥሩን አየ። የትም የለም።

«ከየት አመጣኸው?» አለ።

«ከግቢዬ።»

«ግቢህ ላይ ብቻ?»

«ጭስ ማውጫው ላይ ብቻ።» ጋፋር እንደ ተከሰሰ ሰው ወደ መሬት አየ። «ልማድ ሆኖብኝ ማለዳ ተነሳሁ። የማቦካው የለኝ፣ የማነደው የለኝ፤ ወጥቼ ጭስ ማውጫውን ሳይ ቆምኩ። መሰላል አቁሜ ወጥቼ ነው የሰበሰብኩት። ዙኒን ልጠራት ብዬ ተውኩት። የመንደሩን ሰው ሁሉ በልቤ ዞርኩት፣ ማን ያምነኛል ብዬ።» ቀና ብሎ ሱብሃንን አየው። «የሚያምነኝ አንድ ውሸታም ብቻ ነው ያገኘሁት።»

ሱብሃን «ከተራራ ነው ያመጣኸው» የምትለዋን ቃል ሦስት ዓመት ምላሱ ሥር አሳድሯታል። አሁን አጠገቡ ነበረች። አላነሳትም።

«ቅንጣቶቹ» አለ በምትኩ፣ «ይቸኩሉ ነበር?»

«የለም። አይቸኩሉም።» ጋፋር አሰበ። «አንዳንዶቹማ አየር ላይ ቆም ብለው ጭስ ማውጫውን ያዩት ነበር። እንዲህ ስል ሳቅብኝ።»

ሱብሃን አልሳቀም። ከስንጥቁ ቆንጥሮ ምላሱ ላይ አደረጋት፣ ዓይኑን ጨፍኖ ቆየ።

«ተሸንፌያለሁ» አለ። «ሃሪሳ አበላሃለሁ፣ በግ አርጄ።»

«ሃሪሳ ያለ ዳቦ?»

«ዳቦ ጋጋሪው ምድጃውን አጥፍቶ የለም እንዴ።»

«እኔ ነኝ ያጠፋሁት?» አለ ጋፋር። «ምድጃዬን ያቀዘቀዘው ማን እንደሆነ ሰልፉ ሁሉ ሰምቷል። ያቀዘቀዘው ሰው ሄዶ ያንድደው።»

ሄዱ። የምድጃው አፍ ላይ ሱብሃን ተንበርክኮ ከካንግሪው ፍም አወጣና አመዱ ላይ ደረደረ። ጋፋር ከጀርባው እንጨት አቀበለው። እንጨቱ የአኻያ ነው፣ ከባድ፣ ውሃ የጠገበ።

«ይሄ እርጥብ ነው» አለ ሱብሃን። «ይጨሳል እንጂ አይነድም።»

«የመጀመሪያው ሁልጊዜ እርጥብ ነው። በደረቅ እንጨት ምን ጭስ ይወጣል? አንተ ማለዳ ምኑን ልታነብ?»

«ሦስቱን ዓመትም?»

«አንተን ነው ያኮረፍኩት፣ ሰማዩን አላኮረፍኩት።»

ሱብሃን ወደ ምድጃው አጎንብሶ እፍ አለ፣ ደጋግሞ፣ ከሚያስፈልገው በላይ ረጅም ጊዜ። ቀና ሲል ዓይኑ ቀልቶ ነበር። ጭሱ ነው አለ። እንዲያ ያለ ጭስ በእርግጥ የላም ዓይን ያስለቅሳል።

ውጭ ሲወጡ ጭሱ ቀጥ ብሎ ወጣ። ወጣ፣ ወጣ፣ ከቺናሩ ጫፍ በላይ ደርሶ የደከመው መሰለ። ጎንበስ አለ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ ቤቱ እንደደረሰ ሰው፣ በጋፋር ጣሪያ ላይ ተኛ፤ ተንፏቆ አጥሩን ተሻገረና በሱብሃን ጣሪያ ላይ ተኛ፤ ቀጥሎ በመስጊዱ።

ሁለቱም ብዙ ጊዜ አዩት።

«መኪናው እኩለ ቀን ላይ ይደርሳል» አለ ጋፋር።

«አይደርስም።»

«የናዚር ስልክ ፀሐይ ነው ይላል።»

«የናዚር ስልክ ጭስ አያይም።»

ጋፋር የመንገድ ልብሱን ቁልፍ ፈታ። «እሺ፣ ምን ያህል ይወርዳል?»

ሱብሃን ወደ መስጊዱ ጣሪያ አየ፤ እዚያ ላሞች እንዳሉ ሁሉ ዓይኑን ጠበብ አደረገ። «ለሙአዚኑ ንገረው» አለ፣ «ነገ መስኮቱን ሲከፍት ፊቱን ይጠብቅ።»

«ውሸታም» አለ ጋፋር።

እንዲህ አለና እጁን ከእጅጌው አውጥቶ መዳፉን ወደ ላይ ዘረጋ። ሱብሃንም አውጥቶ ዘረጋ። ሁለት ሽማግሌዎች፣ ለተሸፋፈነ ነገር እጅ በማይዘረጋበት ወራት፣ ከጭሱ ሥር እጃቸውን ዘርግተው ቆሙ፤ ሰማዩም እንደ ልማዱ አይቸኩልም።